እስከ ሦስት ይቁጠሩ

ሥራዬ ቀላል ነው፤ ሽቦ እዘረጋለሁ፣
ድምፅ ማጉያ ሰቅዬ ጆሮ እቀስራለሁ፤
ለሠርግ፣ ለቀብር፣ ለድንች በዓል ጭፈራ፣
ለከንቲባው ዲስኩር፣ ለምርጫ ፉከራ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በሆርኒ ሉካ ከተማ፣
ለወጣው በሙሉ ከመድረኩ ማማ
አንድ ነገር ነው ያልኩት፦ «ድምፅዎ እንዲሰማ፣
እስከ ሦስት ይቁጠሩ።»

ራዲምም ቆጠረ።
«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ያምር ነበረ።

የመስከረም ማታ ነው፣ ፕለም የበሰለበት፤
አደባባዩ ጢም ብሏል፣ ልጅ ትከሻ ላይ ያለበት።
መጀመሪያ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ተዘጋው ፋብሪካ፤
ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ፣ ወንዝ ማዶን ሊነካ።
«ሮማዎች» አላለም። ብልጥ ነው፤ ጠበቃ ነው።
«እነዚያ» ነው ያለው።
«እነዚያ» ስም የለው፣ ፊት የለው፣
ሁሉም በየሆዱ የጠላውን ሞላው።

አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤
«ቤት ሲያድፍ በውሃ ነው። ሰፈር ሲያድፍ ግን…»
ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ።
እኔም እንደ ልማዴ፣ ቃል እንዳይጠፋ ብዬ፣
በአውራ ጣቴ ቁልፉን ወደ ላይ ገፋሁት።
«…እሳት ነው የሚያጸዳ።»

ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ ከድልድዩ ማዶ ሰማዩ ቀላ።
ጠርሙሱን የወረወረው ቪት ነው፣ የመጋዝ ቤቱ ቪት፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣
የጊታር ክር በዱቤ ከእኔ የሚወስድ ልጅ።
የኢሎና ቤት ነደደ።
ሁለቱን በመስኮት አወጣች።
ኮሎማን ግን ጩኸቱን ፈርቶ
አልጋ ሥር ገብቶ ነበር። አራት ዓመቱ ነው።

ችሎት ፊት ራዲም ቀረበ፣ ክራባቱን አስተካክሎ፤
«ተናገርኩ እንጂ ክብሪት አልጫርኩም» አለ፣ ቸለል ብሎ።
ዳኛዋ አንቀጽ ገለጡ፣ መነጽራቸውን ወለወሉ፤
«ምሳሌያዊ አነጋገር ነው፤ ምሳሌ አይታሰርም» አሉ።
ቪት ግን ዘጠኝ ዓመት ገባ፣ እጁ ቤንዚን ሸቷልና፤
እናቱ ደጅ ላይ ወደቀች፤ ራዲም አነሳት፣ ካሜራ አለና።
እኔን ማንም አልጠየቀኝ።

እኔ ደግሞ የማን ልጅ ነኝ? አባቴ በዚያ በድሮው ዘመን
ቀልድ ቀለደ ቢራ ቤት፤ ወሰዱት በዚያው ቀን።
ሁለት ዓመት ዩራኒየም ቆፍሮ፣ ሳንባውን ትቶ ተመለሰ፤
ያንኑ ቀልድ እየሳለ ደገመልን፣ አፈር እስከ ለበሰ።
«አፍ የለጎመ እጅ፣ ልጄ፣ ኋላ ጉሮሮ ያንቃል» ይለኝ ነበር።
ለዚህ ነው፣ «ራዲምን ዝም አሰኙልኝ» ልል ስነሳ
የአባቴ ሳል የሚቀድመኝ።
በሌላው ጆሮዬ ደግሞ፣ ከአልጋ ሥር፣ ያ ዝምታ።

ምላስ አጥንት የለውም ይላሉ፤ አጥንት ግን ይሰብራል።
እኔ የማውቀውን ልጨምር፦
ምላስ ብቻውን አደባባይ አይሻገርም፣
ሽቦ ይፈልጋል፣
ሽቦ ዘርግቶ የቀን ሒሳቡን የሚቀበል ሰው ይፈልጋል።

የዚያ ማታ ቅጂ እቤቴ አለ።
አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ቃሉ ሲያድግ ይሰማል።
የእሱ ጉሮሮ አይደለም ያሳደገው።
ለፖሊስ ወስጄ ሰጠሁ፤
«ጥራት ያለው ቅጂ ነው» ብለው አመሰገኑኝ።

ባለፈው ሐሙስ ኢሎና ማዘጋጃ ቤት ልትናገር መጣች፣
ጥቁር ሹራብ፣ የወንድ ጫማ።
ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረግሁላት።
ልማድ ክፉ ነው፤ አፌ ቀደመኝ፦
«እስከ ሦስት ይቁጠሩ፣ እመቤቴ።»

«አንድ» አለች።
«ሁለት።»

መርፌው ወደ ዜሮ ወረደ፤ እዚያው ቀረ።
ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር።
ምኑን ከፍ ላድርገው?